የጸዳው ጉንጭ

ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው። መርፌ ሲያይ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው ያለ ቢላና ያለ ደም ኪንታሮት ስለሚያወጣ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቶ ቤት የኋላ ክፍል፣ መስኮቱ በጥቁር ወረቀት በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሰው ፊት ሲያጸዳ ኖሯል። ብጉር ያነሳል፣ ማድያት ያደበዝዛል፣ የወለቀ ጥርስ ይተክላል፣ ሁለት አገጭ ይዛ የመጣችን ሴት በአንድ ያሰናብታታል። በፎቶ ቤቱ ቋንቋ ይሄ ሁሉ «ጽዳት» ይባላል፤ ደንበኛው ባያዝም ይሠራል። ባለቤቱ ሲቀጥረው መጀመሪያ የነገረው ይህንኑ ነበር። «ሰው ፊቱ ላይ ያለውን መስታወት በነጻ ያሳየዋል። እኛ ጋ የሚመጣው ሌላ ፍለጋ ነው።»

ዶክተሩ የሌላውን ፊት ሲያጸዳ የራሱ ኑሮ እንደነበረ ቀረ። አርባ አንድ ዓመቱን ደፍኗል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ መሽጓል፣ ሚስትም ልጅም የለውም። ታላቅ እህቱ እሁድ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ታነሳበታለች። «አንተ ልጅ፣ የሰው ሠርግ ስታሳምር አረጀህ እኮ» ትለዋለች። አንድ ቀን ስልኩን ከእጁ ነጥቃ የመተዋወቂያ አፕ ጫነችበት። «አሁን ሰው የሚገናኘው በዚህ ነው። መንገድ ላይ አገኛለሁ እንዳትል፣ አንተ መቼ መንገድ ላይ ትወጣና።»

ፎቶ ማስገባቱ ላይ ዶክተሩን ሙያው አልለቀቀውም። ከዓይኑ ሥር የተንጠለጠለውን ከረጢት አነሳ፣ ግንባሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ዘራ፣ «ትንሽ ብቻ» እያለ አሥር ዓመት ያህል ቀነሰ። ሦስት ሴቶች ሊያገኙት መጡ። አንዷ ሻይዋን ሳትጨርስ ሄደች። ሁለተኛዋ ገና ወንበር ሳትስብ አክስቷ ታመመችባት። ሦስተኛዋ ጨዋ ነበረች፤ እሱን አየች፣ ስልኳን አየች፣ እንደገና እሱን አየችና በትሕትና «ወንድምህ መምጣት አልተመቸውም እንዴ?» አለችው።

እህቱ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ እሷ ቤት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊጠግን በጉልበቱ በተንበረከከበት፣ እጅጌው ተጠቅልሎ፣ ራሰ በራው እያበራ፣ መነጽሩ በሽቦ እንደታሰረ ፎቶ አነሳችው።

«እትዬ፣ ቢያንስ አንዴ ልንካው።»

«ንካውና ቧንቧው ውስጥ ነው የምከትህ።»

እንዳለ ተለጠፈ። በአራተኛው ቀን ከአንዲት ሴት መልእክት መጣ። «የመነጽርህ የቀኝ ማጠፊያ በሽቦ ነው የታሰረው» ይላል። «ፎቶህን ያመንኩት በሱ ነው። የሚዋሽ ሰው ቢሆን መጀመሪያ እሱን ያጠፋው ነበር።» ሥራዋ መነጽር ቤት ነው፤ ሌንስ ትሞርዳለች፣ ፍሬም ትገጥማለች፣ የሰው አፍንጫና ጆሮ ስትለካ ትውላለች።

የእሷን ፎቶዎች ከፈተ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ፊት ለፊት፣ በጠራ ብርሃን፣ ፀጉሯ አጭር ተቆርጦ። ከግራ ጆሮዋ ሥር ተነስቶ ጉንጯ አጋማሽ ድረስ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ አላት፤ ቆዳው ሳስቶ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ዶክተሩ ሰው ካሜራ ፊት እንከኑን እንዴት እንደሚሸሽግ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አንገት ዘወር ይላል፣ ጉንጭ እጅ ላይ ይደገፋል፣ ሻሽ ዝቅ ይላል። ይቺ ሴት ምንም አልሸሸገችም። ደፋርነቷን ወደደው።

ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት አንድ አንድ ፎቶ ይላላካሉ፤ ሳይዘጋጁ፣ ሳይነካኩ፣ ባሉበት። እሱ ዳቦ ጎርሶ የተነፋ ጉንጩን ይልካል፣ ሲያዛጋ ይልካል። እሷ የሌንስ ዱቄት ቅንድቧ ላይ እንደ ሽበት ተነስንሶ ትልካለች። «ዛሬ ፊትህ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል» ብላ ትጽፍለታለች፣ እሱም በዚያች ቃል ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ብቻውን ፈገግ ሲል ይውላል። በሦስተኛው ሳምንት መነጽር ቤቷ ሄደ። በሩን ገፋ አድርጎ «እኔ ነኝ» ሊል ሲል ቀደመችው። «አውቄሃለሁ፤ መነጽርህን አምጣ» አለችና ሽቦውን ፈትታ ብሎን አስገባችለት። ዶክተሩ በዕድሜው እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ሰው እንደፎቶው ሆኖ መገኘት እንዲህ የሚያሳርፍ ነገር መሆኑን ማን ነግሮት።

አንድ ቅዳሜ መናፈሻ ተቀምጠው «ጠይቀኝ እንጂ» አለችው። «ሰው ስንት ቀን ታግሦ እንደሚጠይቅ እቆጥራለሁ። አንተ በለጥክ።»

ስለ ጠባሳው ጠየቃት። አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሥራ እንዳይረፍድባት እየተጣደፈች፣ የፈላ ውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ ዞር ስትል ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች። «አላየችኝም። ከጉልበቷ አልበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ብቻ ፀጉሬን ወደ ግራ ታበጥረዋለች፣ እንዲሸፍነው። በየቀኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት። አሥራ አምስት ሲሞላኝ ሄጄ ተቆረጥኩት። እማዬ፣ እኔ የምደብቀው የለኝም፣ አንቺም አትደብቂልኝ አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ነው ቀና ብላ የምታየኝ።»

ሊያገባት የነበረ ሰውም እንደነበረ ነገረችው። የቀለበት ቀን ፎቶ ሲነሱ በጆሮዋ «ወደ ግራ ዞር በይ» አላት። ዞር አለች፤ ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች።

«የአንተ ሥራ ደግሞ ማጥፋት ነው» አለች እየሳቀች። «የኔን እንዳትነካው።»

«የአንቺን? እጄ ይሰበር» አለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ግን በዚያች ሰዓት ከልቡ ነበር የማለው።

ሁለት ወር እንዳለፈ አንድ ነገር ለመነችው። «እናቴ ቤት የኔ ፎቶ የለም። ከአራት ዓመቴ ወዲህ አንድም። አምጪ ብላኝም አታውቅም፣ እኔም ደፍሬ ወስጄ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን በራሷ አፍ ‘አንድ ፎቶሽን ግድግዳ ላይ ልስቀል’ አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩት። አንተ ያነሳኸኝን፣ መነጽር ቤቱ በር ላይ የምስቀውን፣ ትልቅ አድርገህ አትምልኝ። በዚያውም ትተዋወቃታለህ።»

ዶክተሩ ይህን ፎቶ በተረጋጋ ቀን ሊሠራው ይገባ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ግን የዚያን ሳምንት የአንድ የነርሶች ኮሌጅ መታወቂያ ገብቶ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥር ፊት፣ እስከ ዓርብ ማታ። ከጠዋት ጀምሮ ብጉር ሲያነሳ፣ ላብ ሲያደርቅ ቆይቶ ምሳ ሰዓት ላይ የእሷን ከፈተ። ሹራቧ ላይ ያለውን ብናኝ አነሳ። ከበሩ ብረት የሚመጣውን ነጸብራቅ ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ ያለውን አያስታውስም። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ፊት አያይም፤ ምስሉን አሥር እጥፍ አጉልቶ ከፊት የተቆረሰች ቁራሽ ነው የሚያየው፣ ቁራሿ ላይ የሚያበራ ነገር ካለ እጁ ራሱ ይሄድና ከጎን ካለው ቆዳ ቀድቶ ይሸፍነዋል። እጁ ሄደ። አመል ያወጣል ከመሃል። ምስሉን ወደ ልኩ ሲመልሰው የሚወዳትን ሴት ስትስቅ አያት፤ ምንም የጎደለ አልመሰለውም። እውነቱን ለመናገር ከወደዳት ወዲህ ጠባሳዋን ማየት ትቶ ነበር። ባለቤቱ በትከሻው ላይ አየት አድርጎ «ቆንጆ ጽዳት ነው» ብሎ አለፈ። ያኔ እንኳ አልነቃም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

አሳተመው፣ በእንጨት ፍሬም አስገባው፣ በቡናማ ወረቀት ጠቀለለው። ወደ እናቷ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ «እንይው?» ሲላት አልፈለገችም። «እማዬ ትክፈተው። እኔ አምኜሃለሁ።»

የእናትየዋ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ በመስኮቱ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ፤ ክፍሉ የሳሙና ሽታ አለው። ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ምስማሩ አስቀድሞ ተመቷል። እናትየዋ ቀጭን ናቸው፤ ልጃቸው የሠራችላቸውን መነጽር አድርገዋል። ዶክተሩን እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «ስለ አንተ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ተቀመጥ ልጄ» አሉት። ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወረቀቱ እንዳይቀደድ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ፈቱ።

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ በግራ ጉንጯ በኩል አሳረፉና ከጆሮዋ ወደ ታች እያሻሹ ወረዱ።

«እንዲህ ነበር ለካ የምትሆኚው» አሉ ቀስ ብለው።

ልጅቷ ተነስታ በትከሻቸው በኩል አጎንብሳ አየች። ዶክተሩ ጉዳዩን ያወቀው ከፎቶው አይደለም፤ ከሷ ፊት ነው። ዘወር ብሎ ፎቶውን ሲያይ ጉንጯ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነበር።

«እማዬ፣ እኔ አላዘዝኩትም» አለች ልጅቷ።

«ምን አለበት፣ የኔ ልጅ። ሠላሳ ዓመት ታገሥሽልኝ። አንድ ቀን እንደሚሰለችሽ አውቅ ነበር።»

«እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ዶክተሩ። «እሷ እንዲያውም እንዳትነካው ነው ያለችኝ። እጄ ነው… ልማድ ሆኖብኝ ሳላውቀው ነው።»

እናትየዋ ቀና ብለው በርኅራኄ አዩት። ሰው ስለ ልጃቸው ብሎ ሲዋሽላቸው እንደሚያዩት አድርገው አዩት። «ግድ የለም ልጄ፣ አትጨነቅ። እግዜር ይስጥህ። እኔ ያበላሸሁትን አበጀህልኝ» አሉት። በጥፊ ቢመቱት በተሻለው ነበር። ከዚያ ተነስተው በገዛ እጃቸው ፎቶውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉት፤ ልጅቷ ልታግዛቸው አልተነሳችም።

ደረጃውን ወረዱ። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ቆመች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይመኝ ነበር።

«አስጠልቶህ ነው?»

«አይደለም። አላየሁትም። ካወቅኩሽ ወዲህ አይታየኝም እኮ።»

«ሳታየው ነው ያጠፋኸው?»

«አዎ።»

«ሆን ብለህ ቢሆን እጣላህና እንታረቅ ነበር» አለች። «የላክህልኝስ ፎቶዎች? በየቀኑ የላክህልኝ?»

«አንዱንም አልነካሁም። እምልልሻለሁ።»

«በምን ታውቃለህ?»

እጁ ያደረገውን እንደማያውቅ ከአሥር ደቂቃ በፊት እናቷ ፊት የመሰከረው ራሱ ነው። አውቶቡሱ መጣ፣ ወጣች፣ የኋላው ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

እህቱ እሁድ መጥታ ስትሰማ በዚህኛው አልሳቀችም። «ሊኩሉ ሄደው ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ፤ ፎቶ አልመጣም። ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ የማያመልጠው አንድ ጥያቄ ነበር። እውነት እጄ ብቻ ነው? ወይስ ልቤ የሆነ ቦታ እናቷ ፊት አሳምሬ ላቅርባት ብሎ እጄን ልኮት ነው? አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ፊት ሲያይ ኖሮ የራሱን ልብ ማየት አቃተው። ቁጭቱ እህል አላስቀምስ አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ዋናውን ፎቶ፣ ያልተነካውን፣ ባለቤቱን እንዲያትምለት ለመነው። ዶክተሩ ራሱ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ጋ ቆመ።

«ይሄ እኮ ጽዳት አልተሠራለትም» አለ ባለቤቱ።

«እንዳለ ይውጣ። እኔ አልነካውም።»

ባለቤቱ የሆነ ቀልድ ሊወረውር ብሎ ፊቱን ሲያይ ተወው።

መነጽር ቤት ሲደርስ ደንበኛ አልነበረም። ሰላም አለችው፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ፎቶውን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አላስቀመጠችውም። ደንበኞች አዲስ ፍሬም ሲለኩ ወደሚተያዩበት መስታወት ይዛው ሄደች። ከፊቷ ጎን አድርጋ ያዘችውና ጠባሳውን ከጆሮዋ ጀምራ ከመስታወቱ ጋር አመሳከረች፤ ዳሩን፣ የሚታጠፍበትን፣ የሚያልቅበትን። ከዚያ ወደ ቀኝ ጉንጯ ሄደች፣ እዚያ ምንም በሌለበት። ከዚያ ቅንድቧን፣ ከዚያ ጥርሶቿን። ይህች ሴት አንድ ሽቦ አይታ ያመነችው ሴት ናት። ዶክተሩ ቆሞ ሲጠብቅ ቆየና የደንበኛ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልክ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ለእማማ ውሰጂላቸው። ያኛውን እኔ እጥለዋለሁ።»

«ሌላ አለ ብዬ ነግሬያታለሁ። አልፈልግም አለች።»

«እውነተኛው ይሄ ነው በያቸው። እኔው ልሂድና ልለምናቸው።»

«ምን ብለህ? ያኛው ውሸት ነው ብለህ? ታውቃለች እኮ። አውቃ ነው የወደደችው።» ፎቶውን ዝቅ አደረገችው። «ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ትናንት ስገባ መጀመሪያ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ‘ያን ቀን ዞር ባልል ኖሮ ይሄን ትመስዪ ነበር’ አለችኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ስለዚያ ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ።

«እማዬ ይህን እንዳታስብ ብዬ ነበር እኮ ፊቴን ገልጬ የኖርኩት» አለች።

ይቅርታ ሊላት ፈለገ። በስልክ ብዙ ጊዜ ብሏታል፤ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ ብላዋለች፤ ይቅር ማለቷ እናቷን ከዚያ ወንበር አላስነሳቸውም። በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ሰው የተሰበረ መነጽር በመሐረብ ጠቅልለው ገቡ። እሷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረግ አድርጋ «ይግቡ አባባ፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። መቀመጫው አንድ ብቻ ነበር። ዶክተሩ ተነስቶ ለቀቀላቸውና ወጣ።